ለጀማሪ ሹፌር ሙሉ ኢንሹራንስ፦ ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና ለገሃር ጠይቄ የገዛሁት

ይሄን የምጽፈው መንጃ ፈቃድ በቅርብ አውጥታችሁ የመጀመሪያ መኪናችሁን ለገዛችሁ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ መሀል ከተማ ያሉ የኢንሹራንስ ቢሮዎችን ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና ለገሃር አካባቢ ዞሬ ጠይቄ ለቪትዝ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ፣ ከገዛሁም በኋላ ካሳ ጠይቄበታለሁ፣ ስለዚህ የመግዣውንም የመቀበያውንም ጎን አይቼዋለሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር አለኝ፣ ደግሞ እንዳየሁት ከሆነ ልዩነቱ ከኩባንያ ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍም ነው። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፣ ለጀማሪ ሹፌር ዋናው ነገር አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ፣ ስንት ነው የሚለው አይደለም፣ መኪናው ስንት ተብሎ እንደተመዘገበና ጉዳት ሲደርስ ከኪሳችሁ ስንት እንደሚወጣ ነው። ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ያለበት ቢሮ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

መጀመሪያ ሶስተኛ ወገን የሚባለውን እንለይ፣ ብዙ ሰው መስታወቱ ላይ ስቲከሯን ለጥፎ «ኢንሹራንስ አለኝ» ይላል። እሷ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ናት፣ ያለሷ ቦሎም አይታደስም ትራፊክም ይቀጣል። ነገር ግን የምትከፍለው እናንተ ለጎዳችሁት ሰውና ንብረት እንጂ ለራሳችሁ መኪና አምስት ሳንቲም የላትም፣ የራሳችሁን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። ጣሪያም አላት፣ አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 100 ሺህ ብር ነበር፣ ለሞት ደግሞ 40 ሺህ። ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ የአንዱን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የፊት መብራትና ኮፈን ብትጨፈልቁ እንዲህ ያለ ጣሪያ የት ይደርሳል? ስለዚህ ሙሉ ኢንሹራንስ ስትገዙም «ሶስተኛ ወገን» በሚለው መስመር ላይ ስንት ብር እንደተጻፈ እዩ፣ ከፍ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ከፍ አስደርጉ፣ እኔ ላይ የጨመረው ገንዘብ ከጠቅላላው አረቦን አንጻር ትንሽ ነበር።

ኩባንያ ስለመምረጥ ብዙ አልልም። የመንግስቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው፣ የግሎቹ ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ ነው የመጡት፣ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ናይል፣ ህብረት፣ ንብ፣ አፍሪካ እያለ ይቀጥላል፣ ሁሉንም የሚቆጣጠረው ብሄራዊ ባንክ ነው። ሁሉም ጋ ሄዳችሁ አንድ አይነት ጥያቄ ጠይቁና መልሱን በወረቀት ተቀበሉ፣ በቃል የተነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ። አንዱ ቢሮ የመኪናዬን የስሪት አመት እንኳን ሳይጠይቀኝ ዋጋ ነገረኝ፣ ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ ስል ቁጥሩ ተቀየረ። ወጥቼ ሄድኩ።

የገዛሁበት ቢሮ ግን ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን ስሰጣት ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው መንጃ ፈቃዱ የወጣበትን ቀን ነው። «የምትነጂው አንቺ ብቻ ነሽ ወይስ ሌላ ሰውም ይነዳል?» አለችኝ፣ ወንድሜም አንዳንዴ ይነዳል ስላት ስሙንና የመንጃ ፈቃዱን አይነት መዘገበች። ከዛ አንድ ሰውዬ አብሮኝ ወደ ፓርኪንጉ ወረደ፣ ኮፈኑን አስከፈተኝና የስልኩን መብራት አብርቶ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቱ እየጠረገ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። ዙሪያውን ፎቶ አነሳ፣ የኋላ በር ላይ ያለችውን የድሮ ጭረት ሲያይ «እህቴ ይቺ ከዚህ በፊት የነበረች ናት ተብላ ትጻፍ» ብሎ ፎርሙ ላይ አሰፈራት። ያኔ ደስ አላለኝም፣ በኋላ ካሳ ስጠይቅ ግን ያ ፎቶ ነው የጠቀመኝ፣ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ ጉዳት እንደሆነ አንድም ክርክር አልተነሳም። መኪናውን ሳያይ የሚያዋውላችሁ ቢሮ ካለ ራሳችሁ ቀን የሚያሳይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው።

አሁን ዋናው። መኪናው የሚመዘገብበት ዋጋ። ልጅቷ የገዛሁበትን ውል ሳሳያት «እህቴ፣ የገዛሽበትን አይደለም፣ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ ነው መሙላት ያለብሽ» አለችኝና በካልኩሌተር አሳየችኝ። መኪናው ገበያ ላይ 2 ሚሊየን ብር እያወጣ እናንተ አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ 1 ሚሊየን ብላችሁ ካስመዘገባችሁ ግማሹን ብቻ ነው ኢንሹር ያደረጋችሁት፣ ስለዚህ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው የሚያስበው 100 ሺህ ብቻ ነው፣ ከሱም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም የናንተ ድርሻ፣ ይቀነሳል። ብዙ ሰው «1 ሚሊየን ድረስ ይከፍሉኛል» ብሎ ነው የሚያስበው፣ እንደዛ አይደለም፣ ትንሽ ጉዳትም በዛው ልክ ነው የሚቆረጠው። እኛ ሀገር ደግሞ ይሄ ነገር የባሰ ነው፣ በ2016 ቤንዚንና ናፍታ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፣ በዛው አመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ፣ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ሄደ። ያኔ በድሮ ዋጋ እንዳስመዘገቡ የቆዩ ሰዎች አሉ። አመቱ መሀል ላይም ዋጋ ከፍ ካለ ቢሮው ሄዳችሁ ልዩነቱን ከፍላችሁ ማሳደግ ይቻላል፣ ተጨማሪ ወረቀት ይሰጧችኋል፣ ከዋናው ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። በተቃራኒው ከገበያው በላይ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚከፈላችሁ የጊዜው የገበያ ዋጋ ነው፣ ትርፉ አረቦን በከንቱ መክፈል ነው።

ሁለተኛው ኤክሰስ ነው። ኤክሰስ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ እናንተ የምትችሉት ድርሻ ነው። በኔ ፖሊሲ የጉዳቱ 10 በመቶ ሆኖ ዝቅተኛ መጠን አለው፣ መሪውን የያዘው ጀማሪ ሹፌር ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። እኛን በቀጥታ የሚመለከተው መስመር ይሄ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ቢሮ ካልተጠየቀ አያነሳውም፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። ጀማሪ የሚሉት እስከ ስንት አመት ልምድ ያለውን ነው፣ እድሜስ ይቆጠራል ወይ፣ ጭማሪው ስንት ነው፣ እነዚህን ሶስቱን ጠይቁ። ልጅቷ የኔን ፖሊሲ ገልብጣ ያን መስመር በእስክሪብቶ አስምራልኝ ነው የሰጠችኝ። እዛ ቢሮ የገዛሁት በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

የማይሸፍነውንም አንብቡ። ጎማ ብቻውን ቢፈነዳ ወይ ቢቀደድ አይከፈልም፣ ሌላው የመኪናው አካል አብሮ ካልተጎዳ በቀር። ይሄ መሀል ከተማ ለሚነዳ ጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ጠርዙ ሁሉ አዲስ ድንጋይ ነው፣ ለማቆም ስትጠጉ ጎማም ቸርኬም ይልጣል። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ወይም የመንጃ ፈቃዱ አይነት ለማይመጥን ሰው ከሰጣችሁ አይከፈልም፣ ጠጥቶ ለነዳም እንዲሁ፣ የአክስት ልጅ «እስቲ ልሞክራት» ሲል ይሄን አስታውሱ። መኪናው የተመዘገበው ለግል አገልግሎት ሆኖ በአፕሊኬሽን ታክሲ ብትሰሩበትም ችግር ነው፣ ቀድማችሁ አሳውቁ። ተጨማሪ ሽፋኖችም አሉ፣ አብራችሁ ለሚሳፈሩ ሰዎች የሚሆነው አንዱ ነው፣ ከከተማ ወጥቶ ለሚነዳ ቢኤስጂ የሚሉት የሽፍታና የታጣቂ ጉዳት አለ፣ ወደ ጅቡቲ ወይ ኬንያ ለሚሻገር ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ። እኔ የተሳፋሪውንና ቢኤስጂውን ወሰድኩ፣ ቢጫ ካርዱ ለኔ አያስፈልግም። ስፖኪዮና ፍሬቻ ከቆመ መኪና ሲሰረቅስ የሚለውን ለብቻው ጠይቁ፣ ሙሉ መኪና መሰረቅና እቃ መነቀል በሁሉም ቢሮ አንድ አይነት አይታይም።

ካሳውስ? ሜክሲኮ ታክሲ መጫኛው ጋ አንድ ሚኒባስ ተጠግቶኝ ሲወጣ የግራ በሬን ፋቀውና ስፖኪዮውን ይዞት ሄደ። መኪናውን ሳላነቃንቅ ፎቶ አነሳሁ፣ 991 ደወልኩ፣ ትራፊኩ መጥቶ ለካ፣ ፕላን አነሳ፣ ጥፋቱ የሚኒባሱ እንደሆነ ተጻፈ። ሹፌሩ «እዚሁ እንስማማ» ሲለኝ ሰው ሁሉ ተስማሚ ሲል ነበር፣ የትራፊክ ወረቀት ከሌለ ግን ኢንሹራንሱም ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፣ እና በርቱ። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ፎርም ሞላሁ፣ የኔ ኩባንያ ለኔ ያሰራልኝና እሱ ከሚኒባሱ ኢንሹራንስ ይጠይቃል፣ አሰራሩ እንደዛ ነው። ፕሮፎርማ ከጋራዦች አመጣሁ፣ ስፖኪዮው ሶማሌ ተራ በተገኘበት ዋጋ ጸደቀ፣ በሩ ላሜራና ቀለም ተሰራ። የተሰበረውን ስፖኪዮ እንኳን መልሺ ብለውኛል፣ የተቀየረ እቃ የኩባንያው ስለሆነ ጋራዡ እንዳይጥለው ቀድማችሁ ንገሩ።

የምወቅሰው ጥገናው ከመጀመሩ በፊት የሆነውን ነው። ሁሉም ወረቀት ተሟልቶ፣ ዋጋው ጸድቆ፣ ጋራዡ ስራ የሚጀምርበትን ደብዳቤ የሚፈርመው ሰው የለም ተብሎ መኪናዬ ያለ ስፖኪዮ ቆማ ነበር። ስደውል «ነገ ደውይ»፣ ነገ ስደውል ስብሰባ። የሚወክል ሰው ለምን የለም? መኪና የሌለው ሰው ስራ የሚሄደው በትራንስፖርት ሰልፍ ነው፣ ኢንሹራንስ የገዛው ደግሞ ይሄ እንዳይሆንበት ነው። የሸጠችልኝ ልጅ ራሷ ከክፍሏ ወጥታ ካሳ ክፍል ገብታ ባታስጨርስልኝ አሁንም እደውል ነበር። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ካሳ ክፍሉ ቅርንጫፉ ላይ ነው ወይስ ዋናው መስሪያ ቤት፣ ማንስ ነው የሚፈርመው ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለ ደግሞ ካሳ ክፍሉ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎችን አናግሩ፣ ከማስታወቂያው ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አመቱን ያለ ካሳ ከጨረሳችሁ ሲታደስ ቅናሽ አለ። ትንሽ ጭረት ከሆነ ኤክሰሱንና የሚቀርባችሁን ቅናሽ ደምሩና ከጋራዡ ዋጋ ጋር አስተያዩት፣ አንዳንዴ ከኪስ ማሰራት ያዋጣል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ ገንዘቡ ከሱ ኢንሹራንስ ከተመለሰ ቅናሹ ይቀጥላል ወይ ብዬ በጽሁፍ ጠይቄያለሁ፣ ይቀጥላል ብለው በጽሁፍ መልሰውልኛል።

ለሽያጭ አገልግሎቱ ከ5 5፣ ለካሳ ክፍሉ ከ5 2 እሰጣለሁ። ዘንድሮም እዛው አድሳለሁ፣ ቪትዟን ግን በአምናው ዋጋ አላስመዘግብም።