ቱሉ ዲምቱ ላሉት ሲስተር ምስጋና፤ የድንገተኛ ነርሲንግ ማስተርስ ለምታስቡ ጥቆማ

በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የምታስቡ፣ ወይም ገብታችሁ የመጀመሪያው ዓመት ወገባችሁን የያዛችሁ ነርሶች፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ስድስት ነርስ እየያዙ የሚያለማምዱ ሲስተር አሉ። በዚሁ ሙያ ማስተርሳቸውን ጨርሰው ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም፤ ስለዚህ ሲስተር ብቻ እንላቸዋለን። ባለቤቷ ታውቀዋለች እንዲሉ፣ ምስጋናው ይደርሳቸዋል።

ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ኮርሱና አታችመንቱ (የሆስፒታል የተግባር ልምምዱ) ይቀድማል፣ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ይከተላል። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው የማያውቀው ነገር ገጥሞት አይደለም። ዲግሪ ላይ «እንዴት» ብቻ ተጠይቆ ያለፈው ነገር እዚህ «ለምን» እና «ስንት» ተብሎ ስለሚመጣበት ነው። መለማመጃው አሻንጉሊት አንድ፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት ክፍል ደግሞ እጅ ሳይፍታታ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሲስተር የሚሞሉት ይህን ክፍተት ነው።

የሚጀምሩት ከትሪያጅ (ታካሚን በአስቸኳይነቱ ደረጃ ከመለየት) ነው፤ እሱንም ከቀለሞቹ ሳይሆን ትንፋሽ ከመቁጠር። የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ መለኪያ ለአዋቂ ሰባት ነገር ያያል፦ ታካሚው በእግሩ ይሁን በሰው ድጋፍ ወይም በቃሬዛ መምጣቱን፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት፣ የአካል ጉዳት መኖር አለመኖሩን። ድምሩ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ፣ 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ 3 እና 4 ቢጫ፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ60 ደቂቃ፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ይህን የሸመደደ ብዙ ነው።

የሲስተር ምሳሌ ግን ሽምደዳውን ያፈርሰዋል። ከባጃጅ ወድቆ በሰው ተደግፎ የገባ ወጣት ይሰጧችኋል፤ ትንፋሹ 24፣ ምቱ 108፣ የላይኛው ግፊት 112፣ ሙቀቱ 36.8፣ ነቅቶ በደንብ ያወራል። ተደግፎ መግባቱ 1፣ ትንፋሹ 2፣ ምቱ 1፣ ጉዳቱ 1፤ ድምሩ 5፣ ብርቱካናማ። አሁን ካርዱ ላይ እንደተለመደው «ትንፋሽ 20» ተብሎ ይጻፍ። ከ15 እስከ 20 የሚያሰጠው 1 ብቻ ስለሆነ ድምሩ 4 ይሆናል። ልጁ ቢጫ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ 10 ደቂቃው 60 ደቂቃ ሆነበት ማለት ነው። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

«20» ለምን እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስላልተቆጠረ ነው። የቆጠረውም 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል፤ አንዲት ትንፋሽ ካመለጠችው አራት ጎደለ። ሲስተር ሙሉ ደቂቃ ያስቆጥራሉ፤ ጋቢና ጃኬት ተገልጦ ደረት እየታየ። ታካሚው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር፣ የልብ ምት የሚለካ መስላችሁ አንጓውን እንደያዛችሁ ደረቱን ትቆጥራላችሁ። ድምሩ ብቻውን እንደማይፈርድም ደጋግመው ይናገራሉ፤ ደረቴን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው ድምሩ 1 ቢሆንም ብርቱካናማ ነው።

ኦክስጅን ላይ የሚሰጡት ስሌት በተለይ ከከተማው ዳር ለምንሠራ ሰዎች ነፍስ ነው። ከሲሊንደሩ መለኪያ ላይ የሚነበበውን ግፊት በባር ወስዳችሁ ለመጠባበቂያ 20 ትቀንሳላችሁ፣ ቀሪውን በሲሊንደሩ ሊትር ታባዛላችሁ፣ ከዚያ በደቂቃ ለምትሰጡት ሊትር ታካፍላላችሁ። ግድግዳ ሥር የቆመ ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ቢያሳይ፣ 80 ሲባዛ በ40 ማለት 3,200 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ቢሰጥ 320 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያቆያል። አምቡላንስ ላይ ያለችው ባለ 5 ሊትር 60 ባር ብታሳይስ? 40 ሲባዛ በ5፣ 200 ሊትር። በ10 ሊትር ሃያ ደቂቃ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በሃያ ደቂቃ ጥቁር አንበሳ የደረሰ አምቡላንስ አለ የሚል ካለ እጁን ያውጣ፤ ቃሊቲ ላይ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም የመንገዱ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ታካሚ ሪፈር ሲደረግ የላይዘን (ሆስፒታል ከሆስፒታል የሚያገናኘው ክፍል) ወረቀቱ አለቀ ማለት ዝግጅቱ አለቀ ማለት አይደለም። መለኪያው የሚነበበው ታካሚው ቃሬዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ነው። ተዘግቶ የሚነበብ መርፌ ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረውን የቆየ ግፊት ሊያሳይ ይችላል። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለይ የመብራት ማሽን) አለን ለሚሉም መልስ አላቸው፦ የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ከረጢት ያለው ማስክ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ይፈልጋል። በ5 ሊትር ከረጢቱ አይሞላም። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው ነው።

የመድኃኒት ስሌቱን ካልኩሌተር አስቀምጠው በእጅ ያሠራሉ። ኢንፊዩዥን ፓምፕ (መድኃኒት መጥኖ የሚሰጥ ማሽን) በሌለበት ድንገተኛ ክፍል አድሬናሊን በጠብታ ሲሰጥ የሚበላሸው የት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ያሳያሉ። 1 ሚሊግራም አምፑል 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ይይዛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም ከታዘዘ 6 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.6 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ነው። በማይክሮ ድሪፕ ሴት (ጠብታው ትንንሽ በሆነ የፈሳሽ መስጫ ቱቦ)፣ 60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሆነበት፣ 36 ጠብታ በደቂቃ ይሆናል። ናይት ዲውቲ ላይ ማይክሮው አልቆ ተራው ሴት ይሰቀልና 36ቱ እንዳለ ይቆጠራል። የተራው ሴት 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ ታካሚው የታዘዘለትን ሦስት እጥፍ እየወሰደ ነው። ትክክሉ 12 ጠብታ ነበር። ሲስተር ስለዚህ አንድ ነገር ያስለምዳሉ፦ ፈሳሹ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ላይ የመድኃኒቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሴቱ ዓይነትም ይጻፋል፣ ሴቱ ሲቀየር ስሌቱ እንደገና ይሠራል። አድሬናሊን ላይ ሌላም የሚያምታታ አለ። ልቡ ለቆመ ሰው 1 ሚሊግራም በደም ሥር በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ነው፤ ከባድ አለርጂ ለያዘውና ልቡ ለሚመታ አዋቂ ግን ግማሽ ሚሊግራም በጭኑ የጎን ጡንቻ ውስጥ። መጠኑም መንገዱም ይለያያል፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ጤነኛ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል።

የእጅ ልምምዱ ላይ ገንዘብ አያባክኑም። አጥንት ውስጥ መርፌ ማስገባት የሚያለማምዱት በዶሮ እግር ነው። አጥንቱን በመዳፍ አይይዙም፣ መርፌው አልፎ እጅ እንዳይወጋ ሰሌዳ ላይ ያስራሉ። በ90 ዲግሪ እያዞሩ መጫን፣ ጥንካሬው ድንገት ሲለቅ ማቆም፣ መርፌው ሳይያዝ ብቻውን ከቆመ ቀለም ያለው ውሃ በሲሪንጅ ማስገባት። ቀለሙ ከአጥንቱ ውጭ ሥጋው ላይ ካበጠ በወዲያኛው በኩል ወጥቷል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከለቀቀ በኋላ መግፋት ነው። ለአየር መንገድ ልምምድ የበግ ጉሮሮ፣ ለደረት ቱቦ የበግ ጎድን ያመጣሉ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ያን ሰሞን ወደ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ንባብ ያዞሩታል፤ ይህን አውቃችሁ ተመዝገቡ። ጉሮሮ ላይ የሚታየው ሥራ ሐኪም የሚሠራው፣ ነርሷ የምታግዘው መሆኑንም ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ፤ ልምምዱ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀርብ ለማወቅ ነው።

ልቡ የቆመ አዋቂ ደረት መጫን ላይ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ 30 ጭነት ለ2 ትንፋሽ መሆኑ የታወቀ ነው። አዲስ ያየነው አቆጣጠሩን ነው። በአማርኛ እስከ ሠላሳ የሚቆጥር ሰው ከአሥር በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ «አሥራ ዘጠኝ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ «ሦስት» ከማለት ይበልጣላ። እሳቸው አንድ እስከ አሥር ሦስት ጊዜ ያስቆጥራሉ፣ ስልካቸው ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) ከፍተው ያስተካክላሉ። ፍራሽ ላይ የሚጫን ደረት ከፊሉን ጉልበት ለፍራሹ ስለሚሰጥ ከጀርባ ጣውላ ይገባል። አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ላይም እንዲሁ፦ ቱቦ የገባለት አዋቂ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይበቃዋል፣ ደረቱ ከፍ ሲል መጭመቅ ይቁም። የተደናገጠ እጅ በፍጥነት ይጨምቃል፤ ማስክ ላይ ከሆነ አየሩ ጨጓራ ይገባና ታካሚው ያስመልሳል።

ማመልከቻ ላይ አጭር ምክር ይሰጣሉ። አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነርሶች የሚፈሩት በሒሳቡና በአመክንዮ ጥያቄው ነው፤ ክሊኒካል ዕውቀት እዚያ አያድንም፣ ስለዚህ ለብቻው ይጠና። ከፈተናው ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ሰነድ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት፤ ክልል የተማረ ሰው ወራት ቀደም ብሎ ይጀምር። ኮስት ሼሪንግ (የዲግሪው የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ያልተዘጋ ከሆነ ወረቀቱ እዚያ ሊያዝ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ስፖንሰርሺፕ ካለ የውል ዓመቱን ሳያነቡ አይፈርሙ።

ቴሲስ ላይ ደግሞ 423 የሚባል የናሙና ብዛት አለ። ፕሮፖዛል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስርጭቱ 50 በመቶ ተብሎ፣ ስህተቱ 5 በመቶ ተይዞ ሲሠራ 384 ይወጣል፣ ላይመልሱ ይችላሉ ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 423። ቀመሩ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የሚመጣው የሚጠኑት ሰዎች በጠቅላላው 200 ነርሶች ሆነው ሳለ 423 ሲጻፍ ነው። ለአነስተኛ ሕዝብ ማስተካከያው ሲሠራ 384 ለ2.92 ተካፍሎ 132 ገደማ ይሆናል፣ ከዚያ 10 በመቶው ይጨመራል። ሲስተር ፕሮፖዛል አይጽፉላችሁም፤ ገንዘብ ተጨምሮላቸውም አይጽፉም። አንብበው ቀይ እስክሪብቶ ያሳርፉበታል፤ ያቺን ቀይ እስክሪብቶ ከአድቫይዘራችሁ በፊት ማየት ይሻላል።

የሚጎድለውንም እንናገር። ሰርተፍኬት የለም፣ የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ነጥብ አያሰጥም፤ ለፈቃድ ማደሻ ወረቀት የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ። ቦታው ጠባብ ነው፣ አሻንጉሊቱ አሮጌ ነው፣ የሕፃናት ክፍሉ ላይ ብዙ አይቆዩም። ዘግይቶ የመጣ አይገባም፤ ስምንት ሰዓት ማለት ስምንት ሰዓት ነው።

ስልካቸውን እዚህ አንለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀ፣ እሳቸውን አስፈቅደን እንሰጣለን። ስትሄዱ ሴኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ያዙ፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ስልክ አይፈቅዱም፣ ታካሚ ፊት በጓንት ስልክ አይነካም ባይ ናቸው። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ከሥራ ቦታችሁ የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ የተጻፈውን ሊትር መዝግባችሁ ኑ ይላሉ። ብዙ ሰው ያን ሲሊንደር ዓመታት ሲከፍት ሲዘጋ ኖሮ ስንት ሊትር እንደሆነ አያውቅም።