ሐይቁ ዳር «የመናፍስት የማታ ጉዞ» ለሚሏችሁ ሰዎች ብር እንዳትልኩ

ወገኖቼ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ንዴቱ አልበርድልኝ ቢለኝ ነው ይህን የምጽፈው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ይዘው የሚቆሙትን አስጎብኚ ነን ባዮች ታውቋቸዋላችሁ። ጀልባ፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ እያሉ ሲከተሉን ለምደናቸዋል። አሁን ደግሞ «የጥንቷ ባሕር ዳር የመናፍስት የእግር ጉዞ፣ ማታ ብቻ» የሚል አምጥተዋል።

ወንድሜ ሁለት ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በሰው 800፣ ለአራታችን 3,200 ብር ገና ሳንነሳ ለአስጎብኚው በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ስንጨርስ እሰጥሻለሁ» አለኝ። እንግዳ ብሆን ባልተቆጨሁ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ እያወቅሁ ዝም ማለቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ጊዮርጊስ ያለውን የድሮ የድንጋይ ግንብ ውስጡን እናሳያችኋለን ብለው ነበር፤ ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ውጭ አቁሞን «ግንቡን ያሠራው ፔድሮ ፓኤዝ እዚሁ ተቀብሯል፤ ሌሊት ሌሊት ኮቴው ይሰማል» አለ። ግንቡ የስፔናዊው ሚሲዮናዊ የፓኤዝ ሥራ ነው ሲባል እኔም ሰምቻለሁ። ሰውየው የሞተው ግን ጎርጎራ ነው፣ በሐይቁ ሰሜን በኩል፣ በፈረንጆች 1622። ይህንኑ ብነግረው «እህቴ፣ ለልጆቹ ታሪኩን አታበላሺባቸው» ብሎኝ ዞረ።

አያቴ የሐይቁን ጋኔን ስታወራልን የምትፈራው ቀትሩን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ብቻችንን ውሃ ዳር መውረድ ክልክል ነው። ይሄ ልጅ ያንን እንኳ አያውቅም። የአገሩን ወሬ ትቶ ከፊልም የቃረመውን ነው የሸጠልን።

ከዚያ በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ወሰደን። ዛፎቹ ጥቅጥቅ ያሉበት፣ መብራት የሌለበት ቦታ ስንደርስ ቆመና «አሁን ማንም እንዳይናገር» አለ። ባትሪውን አጠፋው። ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማኛል፤ የወንድሜ ትንሿ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ነጭ አንሶላ የተከናነበ ሰው ከዛፉ ጀርባ እየጮኸ ዘሎ ወጣ። ልጅቷ እጄን አስለቅቃ ሮጠች። በጨለማ፣ ወደ ውሃው! ድንጋይ አደናቀፋትና ወደቀች፤ ባትወድቅ ኖሮ ሐይቁ ውስጥ ነበረች። ጉልበቷ ተላልጦ ደሙ ካልሲዋ ድረስ ወርዷል። አንሶላ የለበሰው ልጅና አስጎብኚው እጅ ለእጅ ተማትተው ሲስቁ በዓይኔ አየሁ።

መብራት አብራልን ስንለው ምን አለ መሰላችሁ? «ከዚህ በኋላ ያለው ተጨማሪ ነው፤ በሰው 300። ካልፈለጋችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ።» ልጅ እያለቀሰች፣ በጨለማ! ወንድሜ ልጅቷን አዘላት፣ እኔ በስልኬ መብራት እየመራሁ አስፋልቱ ጋ ወጣን፣ ባጃጅ ይዘን ገባን።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ወደሚሏት ኪዮስክ ሄድሁ። ውስጥ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። «መንፈስ ለማየት ከፈላችሁ፣ አያችሁ። ፈረንጆቹ ተደስተው ይሄዳሉ፣ እናንተ ምን ታካብዳላችሁ?» አለችኝ። በገዛ ከተማዬ፣ በገዛ ቋንቋዬ እንዲህ ተባልሁ። ብሩን አልመለሱም፤ ደረሰኙም የለም።

እንግዳ ያለባችሁ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ ልጅ ይዛችሁ ማታ አትውጡላቸው። ጊዮርጊስን ማየት ከሆነ በቀን ሂዱና የደብሩን አባቶች ጠይቁ።

ልጅቷ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የደንገል ታንኳ ለማየት ነበር የጓጓችው። ዛሬ ወደ ሐይቁ እንሂድ ስንላት አልጋው ሥር ገባች። ነገ ይመለሳሉ።