የጌል የቤተሰብ እንክብካቤ፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

በቤልጂየሟ ጌል ከተማ የአእምሮ ሕመምተኛ በሰው ቤት፣ እንደ ቤተሰብ ይኖራል። ነገሩ የመካከለኛው ዘመን ነው፤ ለፈውስ የአእምሮ ሕመምተኞች ጠባቂ ወደምትባለው ቅድስት ዲምፍና የሚጎርፈው ምእመን የቤተ ክርስቲያኑን ማረፊያ ሲያጣብበው ነዋሪው ቤቱን ከፈተ። በ1850 እ.ኤ.አ. መንግሥት ተረከበው፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ እንግዶቹ ከ3,500 በልጠው ነበር።

አሠራሩ ጠንቃቃ ነው። ሆስፒታሉ መርምሮ ተስማሚ ቤተሰብ ይመርጣል፣ ነርስ እየተመላለሰች ታያለች፣ ሕመሙ ሲብስ አልጋ አለ። ቤተሰቡ በልማድ የበሽታው ስም አይነገረውም፤ የሚያውቀው የሰውየውን ጠባይ ነው። ትልቁ ብልሃት ይኸው ይመስለናል።

ጉድለቱ? ክፍያው ትንሽ ነው። እርሻው ቀርቶ ባልም ሚስትም ውጭ መሥራት ሲጀምሩ ቀን ቤት የሚውል ሰው ጠፋ፤ ተቀባዩ ቤተሰብም ክፉኛ ተመናመነ።