ቁልፉ 4 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፦ በልክ የተሰፋ ኮት ከአስር ወር በኋላ

ትከሻው ልክ ነው። ጨርቁ አልሳሳም፣ ገበሩም ብብት ላይ አልተተረተረም። ይህን ሁሉ አንድ ቁልፍ በላው።

ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ከኋላ በግራና በቀኝ የተሰነጠቀ፣ ለ1 ሜትር ከ70 ቁመት ተለክቶ የተሰፋ። ከአንገት ስፌት እስከ ጫፉ 73 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እዚህ ላይ ስህተት የለም፤ ከአንገት አጥንት እስከ ወለል 146 ስለሆነ ኮቱ ግማሹ ላይ ያርፋል። ጉዱ ያለው የሚቆለፈው የላይኛው ቁልፍ ላይ ነው። አንገትና ትከሻ ከሚገናኙበት ተነስቶ በደረት በኩል ሲለካ 45 ላይ መዋል ሲገባው 49 ላይ ውሏል። ከእምብርት በላይ መሆን የነበረበት ነገር ከእምብርት በታች ገባ ማለት ነው።

«አራት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ምን አላት?» የሚል ሻጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይኸውልህ፦ ኮት ሲቆለፍ ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙበት ነጥብ ሰውየውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከነጥቡ በላይ ያለው ደረት ነው፣ ከበታች ያለው በዓይን ሲታይ ከእግር ይቆጠራል። ነጥቡ ሲወርድ ሸሚዙ የሚታይበት ክፍት ቦታ ረዝሞ ደረት ይንዘላዘላል፣ እግር ያጥራል። 1 ሜትር ከ90 ለሆነ ሰው ምንም አይደለም፣ ከሚተርፈው ነው የሚቀነስበት። 1 ሜትር ከ70 ላይ ግን ለእግር የሚታዘንበት ኮት ይሆናል።

ከቁመት ይልቅ የሚያናድደው ወገቡ ነው። የለባሹ ደረት 94፣ ወገቡ 82 ነው፤ ኮቱ ደግሞ ደረቱ ላይ 104፣ ወገቡ ላይ 92። የ12 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለወገብ ቅርጽ በቂ ነው፣ የጎን ስፌቱም ሆነ ከደረት በታች ወደ ኪሱ የሚወርደው ስስ ስፌት በትክክል ተሠርተዋል። በጣም የሚጠቡት 44 አካባቢ ላይ ነው። ቁልፉ ያለው ግን 49 ላይ፣ ኮቱ ለዳሌ ቦታ ለመስጠት መላላት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲቆለፍ ጨርቁ ሊላላ በሚገባው ቦታ ይጎተትና ከቁልፉ ዙሪያ አራት ሽብሽብ ይወጣል፣ ልክ ሰው በእስክሪብቶ ሰርዞ እንዳረመው ፈተና። በዚያ ላይ እምብርት አካባቢ ትንሽ ሆድ ካለ ቁልፉ የሆዱ ጉልላት ላይ ቁጭ ይላል።

ብዙ ልብስ ሰፊዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ሽብሽቡን ሲያዩ «ጠቧል» ብለው የጎን ስፌቱን በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ይለቁታል። ሽብሽቡ ይቀንሳል፣ አብሮት ወገቡም ይጠፋል፣ ኮቱ ሣጥን ይሆናል። ጠቦ ከሆነ በሌላ መንገድ ይታወቃል፦ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ወደ ፊት መሳብ ነው። ከሆድ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ከራቀ አልጠበበም። ይህ ኮት አምስት ይርቃል። ስለዚህ እንዲለቁት አልተፈቀደላቸውም።

ከኮሌታው ወርዶ ደረት ላይ የሚታጠፈውም የዚሁ ቁልፍ ሰለባ ነው። ስፋቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለዚህ ትከሻ ጥሩ ልክ። ግን ቁልፉ ሲወርድ እጥፋቱም አብሮ ስለረዘመ ስፋቱ ሳይለወጥ ቀጭን ይመስላል። ሲራመዱ ደግሞ ከቁልፉ በታች ያሉት ሁለት ጫፎች ነፃ ሆነው መከፈት ነበረባቸው፤ ዝቅ ብለው ስለታሰሩ በየእርምጃው ከጭን ጋር ይጋጫሉ።

አሁን ሻጩ ትልቁን ካርድ ይመዛል፦ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የጣሊያን ቁርጥ ነው! ሄዶብዎታል!» ቁርጥ ከሆነ ሥጋ ቤት ይሻላል። የትኛው ጣሊያን? ኔፕልስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እነ ልብስ ሰፊው ቪንቼንዞ አቶሊኒ ስፖንጁን አውጥተው ትከሻውን እንደ ሸሚዝ ያለሰለሱበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሮም ላይ የተመሠረተው የልብስ ቤት ብሪዮኒ የሚታወቀው ይበልጥ በቆመና በተስተካከለ ትከሻ ነው። ቁልፍ ማውረድ ከተባለ የሚላኑ ልብስ ነዳፊ ጆርጂዮ አርማኒ አድርጎታል፣ እውነት ነው። ግን እሱ ቁልፉን ሲያወርድ ኮቱን ከውስጥ የሚያቆመውን ሸራ አሳሳ፣ ለስላሳና ወራጅ ጨርቅ መረጠ፣ ወገቡንም ለቀቅ አደረገ። ሁሉም አብሮ ስለወረደ ያምራል። ከዚያ ውስጥ ቁልፉን ብቻ ነቅሎ ወገቡ ጠበቅ ባለ ኮት ላይ መትከል ጣሊያን አይደለም፣ ለረጅም ሰው የተዘጋጀ የወረቀት ንድፍ ሳይስተካከል መገልበጥ ነው።

«ቀላል ነው፣ እናነሳዋለን» ደግሞ ይባላል። አይነሳም። በወንድ ኮት ቀዳዳው ግራው ፊት ላይ፣ ቁልፉ ቀኙ ላይ ነው። ቁልፉ ብቻ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢዛወር ሲቆለፍ ግራውን ፊት ይዞት ይወጣል፤ የግራው ጫፍ ከቀኙ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ኪሶቹም እኩል መሆናቸው ይቀራል። ቀዳዳው በስለት የተቀደደ ነው፤ አሮጌውን በክር ደፍኖ ከላይ አዲስ መክፈት ቢቻልም ጠባሳው ሰው ሁሉ በሚያይበት መሀል ፊት ላይ ይቀራል። ኪሶቹም ቢሆኑ የታችኛውን ቁልፍ መስመር ይዘው ስለተሠሩ አብረው ወርደዋል፣ ኪስ ደግሞ አንዴ ከተቀደደ አይዛወርም። «ከታች 2 ሴንቲ ሜትር እናሳጥረው» የሚልም አለ፤ ያኔ ኪሱ ከጫፉ ጋር ሊነካካ ይደርሳል፣ መቀመጫም ይገለጣል። የሚያዋጣው ሁለቱን ፊቶች ከዚያው ጨርቅ እንደ አዲስ መቁረጥ ብቻ ነው። ለዚያ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ የተረፈው 60 ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ብዬ ኮቱን ለምን አልሸጥኩትም? በብብቱ ምክንያት። የእጅጌው መግቢያ ከብብት ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ነው የተቆረጠው። ሰፊ ብብት ይመቻል የሚል ሰው አውቶቡስ ላይ ቆሞ ብረቱን ይያዝ፦ ሰፊው ብብት ኮቱን በሙሉ ወደ ጆሮ ይዞት ይወጣል፣ ጠባቡ እጅጌውን ብቻ። ከጎንም በክንድና በገላ መካከል ብርሃን ስለሚያሳልፍ ወገብን ከማንኛውም ስፌት በላይ የሚያቀጥነው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ብብት የሚቆርጥ እጅ ቁልፍ ላይ እንዴት እንደሚሳሳት አይገባኝም። ትከሻውም ከአጥንቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ አልፎ ይቆማል፤ ግራው ትከሻ ትንሽ ስለሚያዘነብል ስፖንጁ በዚያ በኩል ወፈር ተደርጓል፣ ማንም አያውቅም። ደረቱ ውስጥ ያለው ሸራ በክር እንጂ በሙጫ ስላልተያያዘ ላውንድሪ ስድስት ጊዜ ገብቶ አልተነፋም።

ጠዋት ሲለበስ ስለዚህ ይቅር ይባላል። ሲቆለፍ ንዴቱ ይመለሳል።

ለማሰፋት ያሰበ ሰው ኮቱ ገና በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ሲያያዝ፣ ቀዳዳ ሳይከፈት ይሂድ። ሱሪውን ወገቡ ላይ አስተካክሎ ወደ ጎን ጎንበስ ሲል ገላው የሚታጠፍበት ቦታ የተፈጥሮ ወገብ ነው፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ስፒል ይተከልና ቁልፉ እዚያ ይሁን። ኪሱም ከስፒሉ ተነስቶ ይለካ። የሱቁን መስታወት ማመን አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወደ ኋላ ያዘነበለ መስታወት እግር ያስረዝማል። ሦስት ሜትር ርቆ፣ ስልኩን በወገብ ልክ ይዞ የሚያነሳ ጓደኛ ይሻላል። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ እግር ስለሚያሳጥር ጥፋቱን ያለ ጥፋቱ ቁልፉ ላይ ያላክካል።

እስከዚያው ይህ ኮት የሚለበሰው ሳይቆለፍ ነው። ሠርግ ላይ «ቆልፈው እንጂ!» የሚል ፎቶ አንሺ ሲመጣ አንድ እጅ ሱሪ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ የጎኑ ስንጥቅ ለእጁ መንገድ ይለቃል፣ የኋላው ጨርቅ መቀመጫውን እንደሸፈነ ይቀራል፣ ፊቱም በግድ ክፍት ይሆናል።