«በሐዋርያቱ ጫፍ ላይ» ለሚል የኬፕታውን የእግር ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት

ኬፕታውንን ለመጎብኘት የምትመጡ ወገኖቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የተመለስነው አሁን ነው፤ ከቴብል ማውንቴን ተራራ ወረድን እንዳልል ደግሞ አልወጣንም።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። የአገራችን ልጅ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፋል፣ ስትጽፉለት ወዲያው ይመልሳል፣ «እህቴ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ያስልካል፣ ቀሪውን መኪና ውስጥ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ለእኔና ከአዲስ አበባ ለመጣችው ታላቅ እህቴ የሸጠልን ጉዞ በካስቲልስፖርት ሸለቆ ተወጥቶ፣ ከካምፕስ ቤይ በላይ በተደረደሩት የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጫፎች ላይ የሚደረግ ነበር። ምሳ እ.ኤ.አ. በ1897 በተጠናቀቀው የዉድሄድ ግድብ አጠገብ፣ መመለሻው በገመድ ተንጠልጥሎ ከተራራው አናት በሚያወርደው ኬብል መኪና። ከፎቶዎቹ አንዱ ከገደሉ ወጣ ብሎ ባሕሩ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ያ ታዋቂ ድንጋይ ነው። ለእያንዳንዳችን 1,400 ራንድ፣ በዚያ ላይ «የተራራ መግቢያ ፈቃድ» 200 ራንድ።

ለአንድ ሰዓት ተቀጣጥረን አራት ሰዓት ላይ መጣ። ይቅርታም አልጠየቀም።

መኪናውን ክሉፍ ኔክ አቁሞ ፓይፕ ትራክ በሚባለው መንገድ ገባን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተራራውን ውሃ ወደ ከተማ ለሚያወርደው ቧንቧ ሲባል የተጠረገ መንገድ ነው፤ የተራራውን ግርጌ ታክኮ ይሄዳል እንጂ ወደ ጫፉ አይወጣም። ወደ ካስቲልስፖርት የሚያደርሰውም እሱ ስለሆነ የምጠረጥርበት ምክንያት አልነበረም።

መገንጠያው ጋ ደረስን። ምልክቱ ቆሟል፤ በግራ በኩል የድንጋይ ደረጃ ወደ ሸለቆው ይወጣል። አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ከላይ ወርደው፣ ሰላም ብለውን አለፉ። የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ ቀና ስል መሪያችን ምልክቱን አልፎ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። «በዚህ አይደለም እንዴ የምንወጣው?» አልኩት። ዞር እንኳ ሳይል «እሱ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ነው» አለኝ።

እህቴ «ታዲያ ሐዋርያቱ የታሉ?» ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ቆመ። በአገጩ ወደ ላይ አመለከተና «ያውልሽ» አላት። ሁለታችንም አንጋጠን አየን። እነሱ እዚያ ላይ፣ እኛ እግራቸው ሥር።

ስልኬን አውጥቼ የላከልኝን ጽሑፍ አሳየሁት። ተቀብሎኝ እስከ መጨረሻው አነበበውና መልሶ ሰጠኝ። «ጥላው እኮ አልፏል፣ ፀሐዩ ያቃጥላችኋል» አለ። ተራራው በዚህ በኩል ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጥላ የሚገኘው ጠዋት ነው፤ በአንድ ሰዓት ቢመጣ ኖሮ ጥላው የት ይሄድብን ነበር? ቀጠለና እህቴ እየሰማች «ደግሞ እሷ አትችልም» አለ። በየቅዳሜው እንጦጦን የምትወጣ ሴት ናት! ከገንዘቡ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ቃሉ ነው።

ደመና ቢሆን ኖሮ አፌን እይዝ ነበር። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነሳ ተራራው አናቱን ይከናነባል፣ ኬብል መኪናውም ሥራ ያቆማል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው መልሶ የሚያወርድ መሪ ይመስገን። ዛሬ ግን ሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና አልነበረችም።

ምሳችንን ግድቡ አጠገብ ሳይሆን ቧንቧው አጠገብ በላን። እዚያ ተቀምጠን ወደ ደቡብ እየጠቆመ «ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙት እዚያ ነው» ይለናል። የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ወሰን የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሆነው ኬፕ አጉልሃስ ነው፤ ከእኛ መቀመጫ ቀርቶ ከተራራው አናትም አይታይም። ከላይ ብንሆን ኖሮ ቢያንስ በወዲያኛው ወገን ፎልስ ቤይ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ እናይ ነበር። መንገዱን ለማማት አይደለም፤ ፓይፕ ትራክ ባሕሩን ቁልቁል እያዩ የሚሄዱበት ውብ መንገድ ነው። በነጻ የሚኬድበት ውብ መንገድ!

የ«ፈቃዱ» ነገርማ ጭራሽ ዓይን ያወጣ ነው። ፓይፕ ትራክም ሆነ ካስቲልስፖርት በር የለውም፣ ትኬት ቆራጭ የለውም። ቴብል ማውንቴንን በእግር ለመውጣት አይከፈልም፤ የሚከፈለው እንደ ኬፕ ፖይንትና ፔንግዊኖቹ እንዳሉበት ቦልደርስ ባሉት ቦታዎች ነው። ደረሰኝ ስጠይቀው «በኦንላይን ነው የተከፈለው» አለኝ። የኬብል መኪናውንም ገንዘብ አልመለሰም፤ ያልወጣ ሰው በምን ይወርዳል?

ገንዘባችንን እንዲመልስ ጽፌለት ያገኘሁት መልስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲግናል ሂል ላይ ለሚያዘጋጀው «የተራራ ጉዞ» የ20 በመቶ ቅናሽ ነው። ሲግናል ሂል መኪና አናቱ ድረስ የሚገባበት ኮረብታ ነው።

ለማንኛውም፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያወጣችሁ፣ ካስቲልስፖርት ይሁን ፕላተክሊፕ ወይም ስኬልተን፣ ስሙን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቀሪውን ክፍያም ላይ ስትደርሱ ስጡ። ፓይፕ ትራክን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ውሃና ባርኔጣ ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ፤ ዝርፊያ ስለሚያጋጥም ግን ሰብሰብ ብላችሁ ይሁን።