«ጥናት ነው» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ የእጅ መርፌ ሻጮች አሉ፣ ተጠንቀቁ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ እጃችሁን የሚያማችሁ እናቶችና እህቶች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ለሚመለከተው ሰውም አስተላልፉ።

እኔ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። 19 ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር፣ ከእጅ አንጓዬ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ያመኛል። ፀጉር ቆንጠር አድርጌ ስይዝ ይወጋኛል፤ የመኪና ቁልፍ ማዞርና የበርበሬ ብልቃጥ መክፈት ሳይቀር ፈተና ሆኖብኛል። ሐኪሜ ራጅ አስነሥታ «ኦስቲኦአርትራይተስ ነው፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት ሳስቷል» አለችኝ።

በዚህ መሃል አንዲት ደንበኛዬ ማስታወቂያ ላከችልኝ። «ለእጅ መገጣጠሚያ ህመም አዲስ የስቴም ሴል መርፌ ጥናት፣ ተሳታፊዎች እንፈልጋለን» ይላል። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው። ሆቴል ውስጥ እራት ጋብዘው ነው የሚያስረዱት። ሄድኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ተነሥቶ ከእትብት ደም የሚወሰደው ሴል ልም አጥንታችንን መልሶ እንደሚያበቅለው ነገረን። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የተመዘገበ ጥናት ነው ብሎም ገጹን በስክሪን አሳየን። ዋጋው ለአንድ እጅ 4,500 ዶላር፣ የዚያኑ ምሽት ለተመዘገበ ግን 3,900። እኔም 600 ዶላር ቀብድ በካርድ ከፈልኩ። ከጎኔ የነበሩት እናት ለሁለቱም እጃቸው ነው የተመዘገቡት፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም።

ቤት ስገባ ቅጹን አነበብኩት። ሰባት ገጽ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ምርቱ ለዚህ ህመም በኤፍዲኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ያልጸደቀ መሆኑ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ቀብድ አይመለስም ይላል። ቀልቤ አልወደደውምና ለሐኪሜ ወሰድኩላት። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ መርፌ ይወጋሉ?» አይወጉም። ሁሉም አንድ ዓይነት መርፌ ይወጋል፣ ሁሉም ይከፍላል። «ታዲያ ከምን ጋር ሊያወዳድሩት ነው?» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእጅ ህመም ይመጣል፣ ይሄዳል። ጨዋማ ውሃ ተወግቶ «ተሻለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሲልም እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ሳያወዳድሩ መድኃኒቱ ሠራ አልሠራ ማወቅ አይቻልም። አዳሊሙማብ የሚባለውን፣ ሩማቶይድ ለሚባለው ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጠውን ውድ መርፌ፣ ፈረንሳይና አውስትራሊያ ውስጥ ለእጅ ኦስቲኦአርትራይተስ ሞክረውት ነበር። ከማስመሰያው አልበለጠም። ይህንን ያወቁት ስላወዳደሩ ነው።

ያ በስክሪን ያሳዩን ድረ ገጽም፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ፣ መዝገብ ነው እንጂ የማረጋገጫ ማኅተም አይደለም። ጥናት እዚያ ላይ መውጣቱ መንግሥት መረመረው ማለት እንዳልሆነ ራሱ ድረ ገጹ ይናገራል። ትክክለኛ ጥናት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከረው መድኃኒት ተሳታፊውን አያስከፍልም፣ እንዲያውም የትራንስፖርት የሚሰጡ አሉ።

ኤፍዲኤ ለኦስቲኦአርትራይተስ ያጸደቀው አንድም የስቴም ሴል ምርት የለም። የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅም በ2019 መመሪያው ለጉልበትና ለዳሌ ስቴም ሴል እንዳይወጋ አጥብቆ መክሯል። «ባይጠቅም አይጎዳ» የምትሉም አትሳሳቱ። በ2018 ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ፣ በባክቴሪያ የተበከለ ምርት የተሰጣቸው 12 ሰዎች ኢንፌክሽን ይዟቸው ሁሉም ሆስፒታል ገብተዋል። ይህን ያወጣው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ነው።

ኮርቲዞን እንኳ፣ ስንት ዘመን የኖረው እብጠትና ህመም ማስታገሻ መርፌ፣ ለእጅ ሲሆን ሐኪሞች አልተስማሙበትም። የአሜሪካው መመሪያ ጠንከር ሳይል ይመክረዋል፣ የአውሮፓው ደግሞ በጥቅሉ ባይሰጥ ይሻላል ይላል። እና እራት ጋብዞ በአንድ ምሽት «ይበቅላል» የሚላችሁን ሰው እንዴት ታምኑታላችሁ?

እኔ አሁን የአውራ ጣት መደገፊያ አደርጋለሁ። ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጠውን ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ ጄል እቀባለሁ፣ ወደ እጅ ቴራፒስትም እየሄድኩ ነው። ህመሙ አልጠፋም፣ ግን ማታ እንቅልፍ አገኛለሁ።

ቀብዱን በካርዴ ባንክ በኩል እየተከራከርኩ ነው። ለሜሪላንድ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍልም አቤቱታ አስገብቻለሁ። እንደዚህ ዓይነት ቅጽ የፈረማችሁ ካላችሁ ቅጹንና ደረሰኙን አትጣሉ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን። ሰኞ ሰኞ ሥራ የለኝም።