አሮጌ ሊኑክስ ላይ ጌም፦ ፍላትፓክ ወይስ ዲስትሮቦክስ?

ኡቡንቱ 20.04 ላይ ናችሁ እንበል። ጌሙን ስትከፍቱት ጂሊብሲ (glibc፣ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.34 አልተገኘም ብሎ ይዘጋል። ሲስተሙ ያለው 2.31 ነው። ይህን ላይብረሪ በእጅ መቀየር አይታሰብም፤ ሲስተሙን እንዳለ ድራሹን ያጠፋዋል።

ፍላትፓክ፣ ማለትም አፕ ከሲስተሙ ተነጥሎ የሚጫንበት ዘዴ፣ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ራሱ ይዞ ይመጣል። ሜሳ የተባለው ድራይቨርም አብሮ ስለሚመጣ የኤኤምዲና የኢንቴል ካርድ ያላቸው ሰዎች አዲስ የግራፊክስ ድራይቨር ያገኛሉ። ኤንቪዲያ ላይ ግን የፍላትፓኩ ድራይቨር ቨርዥን ከዋናው ሲስተም ጋር አንድ መሆን አለበት። ዋናውን አዘምናችሁ ፍላትፓኩን ከረሳችሁ ጌሙ ላይነሳ ይችላል። ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ፦ በፍላትፓክ የተጫነው ስቲም (የጌም መደብሩ) ሁለተኛው ዲስክ ላይ ያሉትን ጌሞች ላያይ ይችላል። ያኔ ፍላትሲል በተባለው የፈቃድ ማስተካከያ አፕ ገብቶ ፈቃድ መስጠት ነው።

ዲስትሮቦክስ ደግሞ በፖድማን ወይም በዶከር (የኮንቴይነር ማስነሻ ፕሮግራሞች ናቸው) አዲስ ፌዶራን፣ ማለትም ሌላ ሊኑክስን፣ አሮጌው ሲስተም ውስጥ ያስነሳል። የሆም ፎልደራችሁን በቀጥታ ያያል። ከስቲም ውጪ ያወረዳችሁት ጌም ካለ ይሄኛው ይሻላል። ተርሚናል ለሚፈራ ሰው ግን አልመክርም። ለስቲም ብቻ ከሆነ እኔ ያለ ጥርጥር ፍላትፓክን እመርጣለሁ።

ሁለቱም የሚሠሩት በዚያው በአሮጌው ከርነል (ሃርድዌሩን በሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) ነው። ካርዱን ከርነሉ ካላወቀው አንዳቸውም አያድኑትም።